የማይታየው ቀለበት፦ ጠላቂ ዳክዬዎችን የመለየት ታሪክና የስህተት ዋጋ

ስንዴ የጫነች አንዲት መርከብ በኒው ጀርሲ ጠረፍ፣ ግሬት ኤግ ሃርበር ከተባለው ወደብ መግቢያ አጠገብ ተሰበረች። እህሉ ከመርከቧ ሆድ እየፈሰሰ በውኃው ላይ ተንሳፈፈ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ የባሕረ ሰላጤው ገጽ የአካባቢው ሰው ዓይቶት በማያውቀው የዳክዬ ዓይነት ተሸፈነ። አዳኞች ከየአቅጣጫው በጀልባ ወጡ። በአንድ ቀን ብቻ 240 ዳክዬዎች ተገደሉ፤ ላባቸው ተነጭቶም አንዱ በ12 ሳንቲም ተኩል ሒሳብ ለጎረቤት ተሸጠ። ተኩሱ ለሦስት ሳምንታት ያህል አላባራም። አዳኞቹ ለወፎቹ ስም ስላጡላቸው «የባሕር ዳክዬ» አሏቸው።

ታሪኩን የመዘገበልን ስኮትላንድ ተወልዶ በ1794 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሸማኔ፣ ገጣሚና የአዕዋፍ ተመራማሪ አሌክሳንደር ዊልሰን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1808 እስከ 1814 በዘጠኝ ቅጾች የታተመው የአሜሪካ አዕዋፍ መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ እነዚያ «የባሕር ዳክዬዎች» በፊላዴልፊያና በባልቲሞር ገበታዎች ላይ እጅግ የሚወደዱት ካንቫስባኮች ነበሩ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፉ የተንሳፈፈው ስንዴ አዘናጋቸው፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆኑ። ዊልሰን ራሱ ከእነዚሁ ወፎች አንድ ጥንድ ከአንድ የኤግ ሃርበር አዳኝ በፊላዴልፊያ ገበያ ገዝቷል፤ በክብደትም ሆነ በሥጋ ጣዕም የሚበልጣቸው ገጥሞት እንደማያውቅም መስክሯል። በከተማው አንድ ጥንድ ካንቫስባክ ከአንድ ዶላር እስከ አንድ ዶላር ተኩል ያወጣ ነበር። የወደቡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ የተሰማቸው ድንጋጤና ጸጸት ቀላል እንዳልነበረ ይነግረናል።

ሒሳቡን እንሥራው። በዚያ አንድ ቀን የተገደሉት 240 ዳክዬዎች 120 ጥንድ ናቸው። ለጎረቤት ሲሸጡ 30 ዶላር አስገኙ፤ በከተማው ዋጋ ግን ከ120 እስከ 180 ዶላር ባወጡ ነበር። እርግጥ ነው፣ ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ጊዜ ፊላዴልፊያ ቢደርስ ዋጋው መውረዱ አይቀርም ነበር። ዋጋው በግማሽ ቢወርድ እንኳ ከ60 ዶላር በታች አይሆንም። ከሠላሳ እስከ ስድሳ ያለው ልዩነት የጥይት፣ የጀልባ ወይም የጉልበት ዋጋ አይደለም፤ የአንዲት ዕውቀት ዋጋ ነው፤ «ይህ ወፍ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ዋጋ።

በዚህ ወር ጽሑፌ የዚህችን ጥያቄ ታሪክ ልከተል አስቤአለሁ። አንድ ኢኮኖሚስት ስለ ዳክዬ ላባ ምን አግብቷት ትጽፋለች የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ለየት ያለ ላባ ያለው ጠላቂ ዳክዬ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ነጋዴን፣ ሊቅንና መንግሥትን በየተራ አሳስቷል፤ እያንዳንዱም ለስህተቱ የከፈለው ዋጋ የተለያየ ነው። በየቀኑ ጎደሎ መረጃ ይዘን ለምንፈርድ ሰዎች ከዚህ የሚቀሰም ትምህርት አለ።

፩. ሁለት ቀይ ራሶች

ዳክዬዎችን በአመጋገባቸው በሁለት ከፍለን ማየት እንችላለን። ገሚሶቹ አንገታቸውን ብቻ ዘቅዝቀው ጥልቀት በሌለው ውኃ ይለቅማሉ። ጠላቂዎቹ ግን ሙሉ አካላቸውን አስጥመው ከውኃው ወለል ሥራሥር፣ ቀንድ አውጣና ትናንሽ ነፍሳት ያወጣሉ። እግራቸው ወደ ኋላ የተተከለ በመሆኑ ለመጥለቅ እንጂ ለመራመድ አይመችም። አገር ቤት ሳሉ በአውሮፓ የክረምት ወራት ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የወረዱ አንባቢያን ከሩቅ ሰሜን የመጡ ባለ ጉትዬና ቀይ-ቡናማ ጠላቂዎችን ሳያውቋቸው አይተዋቸው ይሆናል።

ካንቫስባክና የቅርብ ዘመዱ ሬድሄድ ሁለቱም አሜሪካዊ ጠላቂዎች ናቸው። የሁለቱም ወንዴ ራሱ ቀይ-ቡናማ፣ ደረቱ ጥቁር ነው። ከሩቅ ላየ ሰው መንትያ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን የካንቫስባክ ግንባር ያለ አንዳች ስብራት ወደ ረጅሙ ጥቁር ምንቃር ይንሸራተታል፤ ጀርባውም ስሙን እንዳገኘበት ሸራ የነጣ ነው። የሬድሄድ ራስ ክብ፣ ግንባሩ ቀጥ ያለ፣ ምንቃሩ ጫፉ የጠቆረ ሰማያዊ-ግራጫ፣ ጀርባው ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። የአንዱ ዓይን ቀይ ሲሆን የሌላው ወደ ቢጫ ያደላል።

የምኖረው ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ብዙም ሳልርቅ ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ ከዳር ቆሜ ያነሣሁትን የ«ካንቫስባክ» ፎቶ በኩራት ለአንድ ጡረታ የወጡ አዳኝ ባሳያቸው፣ በትሕትና ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ግንባሩን ተመልከቺ» አሉኝ። ያነሣሁት ሬድሄድ ነበር።

ይህ ልዩነት ገንዘብ ነበር። የካንቫስባክ ሥጋ ጣዕም የሚገኘው በቼሳፒክ ወለል ይበቅል ከነበረው ቫሊስኔሪያ ከተባለ የውኃ ሣር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የወፉ ሳይንሳዊ ስም የወጣው ከዚህ ሣር ሲሆን፣ ሣሩም በተራው የተሰየመው በጣሊያናዊው ተመራማሪ አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ ነው። ዊልሰን ስሙን ሲጽፍ ከሁለቱ «ል» አንዱን አስቀርቷል፤ የስያሜ ሕግ መጀመሪያ የታተመውን ስለሚጠብቅ ያ ግድፈት እስከ ዛሬ የወፉ ሕጋዊ ስም ሆኖ ቀርቷል። ስህተት ቀድሞ ከተመዘገበ ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል የመጀመሪያው ማሳሰቢያችን ይህ ነው።

ላባው ከተነጨና ራሱ ከተቆረጠ በኋላ አንዱን ዳክዬ ከሌላው መለየት ለባለሙያም ፈተና ነው። ሬድሄድ «ካንቫስባክ» ተብሎ በከተማ ገበያና በሆቴል ገበታ ላይ መቅረቡ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የታወቀ ሐሜት ነበር። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና ኋላ ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፉ ያስረዳን ይህንኑ ነው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት ገበያ ደካማው ዕቃ የጥሩውን ዋጋ ይጋራል፤ ጥሩውም ከዋጋው በታች ይሸጣል፤ ውሎ አድሮም ከገበያ ይሸሻል። በኤግ ሃርበር የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ያላወቀው ሻጩ ነበር። ከወደቡ ድሃ አዳኝ እስከ ከተማው ባለጸጋ ድረስ በተዘረጋው ሰንሰለት ላይ ትርፉ የተሰበሰበው ግንባሩን አይቶ መለየት በሚችለው ደላላ እጅ ነው።

ገበያው ራሱ የኖረው እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ ያለ ፈቃድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ ከለከለ። በ1918 የወጣው የፈላሽ አዕዋፍ ሕግ ደግሞ የዱር ዳክዬን ለገበያ ማደን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የመለየት ሸክም ከነጋዴው ወደ ተኳሹ ዞረ። ለእያንዳንዱ ዝርያ የተለያየ የአደን ልክ ተደነገገ፤ ካንቫስባክን መግደል ጨርሶ የተከለከለባቸው ዓመታትም ነበሩ። ስለዚህ አዳኙ በንጋት ጭጋግ ውስጥ፣ በሰከንዶች ዕድሜ፣ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዝርያውን ማወቅ አለበት። በገበያ ዘመን ስህተት ትርፍ ያጎድል ነበር፤ በሕግ ዘመን ያስቀጣል።

፪. ከሌደንሆል ገበያ የተገዛው ዳክዬ

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። በለንደን የሚገኘው ሌደንሆል ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዶሮና የአደን ሥጋ ማከፋፈያ ነበር። ከሊንከንሸር ረግረጋማ ምድር በወጥመድ የተያዙ ዳክዬዎች በብዛት ይመጡበት ነበር። የአዕዋፍ ሰብሳቢዎችም ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር እየተጋፉ በየመደርደሪያው ይዞሩ ነበር፤ አንዱ ለድስት፣ ሌላው ለሙዚየም።

በ1801 ከዚህ ገበያ የተገዛ አንድ ወንዴ ዳክዬ በኤድዋርድ ዶኖቫን እጅ ገባ። ዶኖቫን የእንግሊዝን አዕዋፍ በቀለም ሥዕል እያስጌጠ የሚያሳትም ደራሲ ነበር። ዳክዬው አውሮፓ ከሚኖረው ባለ ጉትዬ ዳክዬ ጋር ቢመሳሰልም ጉትዬ አልነበረውም፤ በጥቁሩ አንገቱ ግርጌም ቀይ-ቡናማ ቀለበት ዞሮበታል። ዶኖቫን በ1809 «ባለ ቀለበት» ብሎ ሰየመው። የተያዘው ሊንከንሸር ነው ተብሎ ስለታመነም ከእንግሊዝ አዕዋፍ ተራ አስገባው።

ወፉ ግን የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ አውሮፓ የሚደርሰው ነፋስ ወይም ስህተት ሲያሻግረው ብቻ ነው። አሜሪካዊ የሆነ ዝርያ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከለንደን ሥጋ ሻጭ መደርደሪያ ነው ማለት ነው። አስገራሚው ነገር በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በየኩሬው የሚዋኘውን ይህን ወፍ ዊልሰን የአውሮፓው ባለ ጉትዬ ዳክዬ መስሎት በዚያ ስም መዝግቦታል። የኤግ ሃርበርን ሰዎች ስህተት በትዝብት የጻፈልን ሰው በዚያው መጽሐፉ ውስጥ የራሱን ስህተት አስቀምጧል። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን በ1820ዎቹ ለይቶ ያስረዳው የናፖሊዮን የወንድም ልጅ ቻርልስ ሉሲዬን ቦናፓርት ነው።

ዊልሰን ለምን ተሳሳተ? አዲስ አገር የገባ ሰው ያየውን በሚያውቀው ስም ይጠራል። ስደት የቀመሰ አንባቢ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም፤ የባዕድ አገር ቅጠል ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጎመን ነው። ዶኖቫን በአንጻሩ እጁ ላይ የሞተ ወፍ ነበረው። የሞተ ወፍ አንገቱ ይገለበጣል፣ ላባው ይገለጣል፣ ቀለበቱም ይታያል። ውኃ ላይ ያለ ሕያው ዳክዬ ግን አንገቱን ሰብስቦ ስለሚቀመጥ ያ ቀለበት ፈጽሞ አይታይም ማለት ይቻላል። በሜዳ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ ከኋላው ሾጠጥ ያለው ራስ፣ በምንቃሩ ላይ ያለው ነጭ መቀነት፣ ከግራጫው ጎን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ነጭ ጥፍር መሳይ ምልክትና ነጭነት የሌለው የክንፍ መስመር። የአሜሪካ አዳኞችም እስከ ዛሬ «ባለ ቀለበት ምንቃር» ይሉታል። የሊቁ ስም በሞተው ላይ፣ የአዳኙ ስም በሕያው ላይ የቆመ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያገለግሉት ግን ለተለያየ ሥራ ነው።

፫. ያልነበሩ ዝርያዎች

የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰብሳቢ ዝናው የሚለካው በሰየማቸው አዳዲስ ዝርያዎች ነበር። ለማግኘት ሽልማት፣ ለመሳሳት ቅጣት በሌለበት ሥርዓት ውስጥ ምን እንደሚበዛ መገመት አይከብድም።

በ1840ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ተራውን ፖቻርድ የሚመስሉ፣ ግን ቀለማቸው ወደ ቀይ-ቡናማ የሚያደላ ጠላቂ ዳክዬዎች ተገኙ። «የፓጄት ፖቻርድ» የሚል ስም ወጣላቸው። ቆዳ በመሙላት ሙያ ይተዳደር የነበረውና ኋላ የለንደን መካነ እንስሳት የበላይ ተቆጣጣሪ የሆነው አብርሃም ዲ ባርትሌት በ1847 እንደ ራሱን የቻለ ዝርያ በላቲን ስም መዘገባቸው። ጀርመን ውስጥም ለተመሳሳይ ወፍ ሌላ የላቲን ስም ተሰጠ። ውሎ አድሮ እንደታወቀው ግን ዝርያው አልነበረም። ወፎቹ ተራው ፖቻርድ ቀይ-ቡናማውን ዘመዱን (ክረምቱን ወደ እኛ ሐይቆች ከሚወርዱት አንዱን) ሲጣመር የሚወለዱ ድቅሎች ነበሩ።

ጠላቂ ዳክዬዎች ከአብዛኞቹ አዕዋፍ ይልቅ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ምክንያቱ በከፊል አኗኗራቸው ነው። ብዙ ዝርያዎች ክረምቱን በአንድ ሐይቅ ተደባልቀው ያሳልፋሉ፤ ጥንዶቻቸውንም የሚመርጡት ገና በዚያው ሳሉ ነው። አንዱ በሌላው ጎጆ ዕንቁላል መጣሉም የተለመደ ነው። በዚህ የታወቀው ሬድሄድ ዕንቁላሉን በካንቫስባክ ጎጆ ውስጥ እየጣለ ጫጩቶቹን በባዕድ እናት ያስፈለፍላል። ገበያው በስሙ ያጭበረብር የነበረው ወፍ በጎጆውም ያንኑ ያደርጋል ማለት ነው።

ድቅልነት ብቸኛው የግራ መጋባት ምንጭ አይደለም። አንዳንድ ላባዎች ቀለም ሲነሣቸው ጥቁር ወፍ ፊቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ይወጣል። ብረት የበዛበት ውኃ ነጭ ላባን በዝገት ቀለም ይነክራል። ወንዴዎች ከመራቢያው ወቅት በኋላ ደማቅ ላባቸውን ጥለው ሴቴ ይመስላሉ። የዕንቁላል ማኅደሯ የታመመ ወይም ያረጀ ሴቴ ደግሞ የወንዴ ላባ ልታበቅል ትችላለች፤ ጆን ሃንተር የተባለው ዝነኛ ሐኪም ይህንን ለውጥ ገና በ1780 በሌላ ወፍ ላይ ገልጾታል። ስለዚህ በአንድ ኩሬ ላይ «ያልተለመደ» ዳክዬ ያየ ሰው ፊት ቢያንስ ስድስት ማብራሪያዎች ተሰልፈዋል፤ ሩቅ አገር ያለ ብርቅዬ ዝርያ መሆኑ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ያውም ልብን የሚያሸፍተው።

፬. የ«ትንሹ ስኮፕ» እንቆቅልሽ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መነጽር የጠመንጃን ቦታ ወሰደ። ወፉ እጅ ላይ ስለማይገባ ማስረጃው የተመልካቹ ቃል ብቻ ሆነ። በ1959 ብሪታንያ ውስጥ የብርቅዬ አዕዋፍ ዘገባዎችን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚህ ዘመን ብዙ ቀለም ያፈሰሰው ትንሹ ስኮፕ የተባለ የአሜሪካ ጠላቂ ዳክዬ ነው።

ትንሹ ስኮፕ ጥቁር ራስ፣ ጥቁር ደረት፣ ግራጫ ጀርባና ነጣ ያለ ጎን አለው። ችግሩ፣ አውሮፓ ውስጥ ባለ ጉትዬው ዳክዬ ከፖቻርድ ወይም ከትልቁ ስኮፕ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ወንዴም አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ራስ፣ ጥቁር ደረት፣ ግራጫ ጀርባና ነጣ ያለ ጎን ይኖረዋል። ክሪስቶፈር ፔሪንስ በ1961 ችግሩን አንጥሮ ያቀረበበትን ጽሑፍ አሳተመ። በ1966 ደግሞ ኤሪክ ጊልሃምና ሁለት ባልደረቦቹ የእነዚህን ድቅሎች ዓይነት ከነመለያቸው ዘርዝረው አወጡ።

ጉዳዩ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያስረዳናል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የፈጠርኳቸው ናቸው። በአንድ አገር ሐይቆች ላይ 100,000 ባለ ጉትዬ ዳክዬዎችና ዘመዶቻቸው ይከርማሉ እንበል። ከሺው አንዱ ድቅል ሆኖ ትንሹን ስኮፕ ቢመስል 100 አስመሳዮች አሉ ማለት ነው። እውነተኛ እንግዶች 2 ብቻ ናቸው እንበል። «አየሁ» ከሚሉት 102 ዘገባዎች እውነቱ 2 ነው፤ 2 በመቶ ገደማ። አሁን ከአስመሳዮቹ 95 በመቶውን የሚያጣራ ጥሩ መለያ ተገኘ። አምስት አስመሳዮችና ሁለት እውነተኞች ይቀራሉ፤ ጠንቃቃው ተመልካች አሁንም ከሰባት አምስት ጊዜ ይሳሳታል። ከቀሪዎቹ 90 በመቶውን የሚያጣራ ሌላ መለያ ሲጨመር ብቻ ነው ሚዛኑ ወደ እውነት የሚያደላው፤ ያኔ ዕድሉ 80 በመቶ ይደርሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ምልክት፣ የቱንም ያህል ጎላ ያለ ቢሆን፣ ብርቅ ነገርን ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ነው። ብርቅነቱ በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ማስረጃ ይከብዳል፤ ምስክሮቹም እርስ በርስ ያልተመካከሩ መሆን አለባቸው። የዳክዬ ጠበብት ያደረጉት በትክክል ይህንን ነው። ቀለሙን ብቻ መመልከት ትተው በምንቃሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ጥፍሩን ብቻ የሚሸፍን መሆኑን ጠየቁ፤ በድቅሎች ላይ ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ ይሰፋል። የክንፉ መስመር በውስጠኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ወደ ውጪው ሲሄድ ወደ ግራጫ መለወጡን ጠየቁ። የራሱ ከፍታ ከኋላ በኩል መሆኑንና የጀርባው ቀጫጭን መስመሮች ሻካራነት መረመሩ። በ1987 በስታፎርድሸር፣ ቼስዋተር በተባለ ስፍራ የታየው ወንዴ ይህን ሁሉ አልፎ የመጀመሪያው የብሪታንያ ትንሽ ስኮፕ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ መለያው ስለታወቀ ተከታዮቹ በርክተዋል። ወፉ ከዚያ በፊትም ይመጣ ነበር ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን አልነበረም።

የኮሚቴውን አሠራር የማደንቀው በአንድ ነገር ነው። ያልተቀበለውን ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ «አልተረጋገጠም» ይለዋል እንጂ «ሐሰት ነው» አይለውም። ዘገባው ከነዝርዝሩ ተቀምጦ የተሻለ ዕውቀት ሲመጣ ዳግም ሊታይ ይችላል።

፭. ስህተት ነፍስ ሲያስከፍል

እስካሁን የስህተት ዋጋ ገንዘብ፣ ክብርና ዝና ነበር። ቀጣዩ ታሪክ ግን ከዚህ ይከብዳል።

የስሊምብሪጅን የአዕዋፍ ማእከል የመሠረተው ሰር ፒተር ስኮት በ1948 ራዲ ዳክ የተባሉ ጥቂት የአሜሪካ ጠላቂ ዳክዬዎችን አስመጣ፤ አራት ወንዴና ሦስት ሴቴ። ጫጩቶቻቸው ክንፋቸው ሳይቆረጥ አመለጡ፤ በ1960 በዱር መራባት ጀመሩ፤ በ2000 ቁጥራቸው ወደ 6,000 ገደማ ደረሰ። ብሪታንያ ውስጥ ማንንም አልጎዱም፤ እንዲያውም ተወደዱ።

በዚያው ጊዜ ስፔን የቅርብ ዘመዳቸውን፣ ነጭ ራስ ዳክዬን፣ ከመጥፋት ለማዳን ትታገል ነበር። በ1977 በስፔን የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። አደን ተከልክሎ ረግረጎቹ ሲጠበቁ ቁጥሩ አንሠራራ። ከብሪታንያ የተነሡ ራዲ ዳኮች ግን ስፔን ደረሱ፤ በ1991 የመጀመሪያዎቹ ድቅሎች ተገኙ። ድቅሎቹ መካን አልነበሩም። ስጋቱ ግልጽ ነበር፤ በጥይት ያልጠፋው ዝርያ በጋብቻ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ነው።

ስለዚህ ላባ ማንበብ የሞት ፍርድ ሆነ። ወንዴው ነጭ ራስ ዳክዬ ፊቱ ከሞላ ጎደል ነጭ፣ ምንቃሩ ከሥሩ ያበጠ ነው፤ ራዲ ዳክ ጥቁር ቆብ ደፍቶ ጉንጩ ብቻ ይነጣል፤ ምንቃሩም ጎድጎድ ያለ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል በመካከል ስለሚወድቅ ይለያል። ድቅሉ ተመልሶ ከነጭ ራስ ከተዳቀለ ግን ልጁን መለየት እጅግ ይከብዳል። ድቅሉን ማለፍ ዝርያውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ንጹሑን በስህተት መግደል ደግሞ ሊያድኑት የተነሡትን መግደል ነው። በስፔን ባለሙያዎች መለያውን በዝርዝር አጥንተው በሥራ አዋሉት፤ ኋላ የተደረገ የዘረመል ጥናትም የራዲ ዳክ ዘር በነጭ ራስ ዳክዬው ውስጥ ሥር እንዳልሰደደ አሳየ። ብሪታንያ በበኩሏ ከ2005 ጀምሮ ራዲ ዳኮቿን ለማጥፋት ዘመቻ ጀመረች፤ ዘመቻው ሚሊዮን ፓውንዶችን ጠይቋል፤ በርካታ ወፍ ወዳዶችንም አስቆጥቷል። ከሰባት ወፎች የተነሣው ስህተት የተጠረገው በሺዎች በሚቆጠሩ ወፎች ሞት ነው።

የእነዚህ ሁለት ዝርያዎች ሦስተኛ ዘመድ የሆነው ማኮዋ ዳክዬ፣ ሰማያዊ ምንቃርና ጥቁር ራስ ያለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ሐይቆች ላይ ይኖራል። እሱም ቁጥሩ እየመነመነ ካሉት አንዱ ነው። የእሱ ጠላት ድቅልነት ሳይሆን የረግረግ መድረቅና የውኃ መበከል ነው፤ የስፔንን መድኃኒት ለእሱ መቅዳት አይጠቅምም። እዚያም ግን ቆጥሮና ለይቶ የሚመዘግብ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋም አይታወቅምና።

፮. የሰረዝኩት ቁጥር

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስና ልጨርስ። ለዶክትሬት ጥናቴ ከኢትዮጵያ የእህል ገበያዎች የተሰበሰበ ወርኃዊ የዋጋ መረጃ አጠራ ነበር። በአንዲት ትንሽ ገበያ የማሽላ ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ዘልሎ በቀጣዩ ወር ተመልሶ ወረደ። የጸሐፊ ስህተት ነው ብዬ ሰረዝኩትና በአጎራባች ገበያዎች አማካይ ተካሁት። ከዓመት በኋላ ከዚያ አካባቢ የመጡ አንድ እህል ነጋዴ በወሬ መካከል መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ሰው የተራበበትን ወር አነሡልኝ። እኔ የሰረዝኩት ያንን ወር ነበር።

በስሌቱ አልተሳሳትኩም ይሆናል፤ ከእንዲህ ያሉ ቁጥሮች ብዙዎቹ የእጅ ስህተት ናቸው። ጥፋቴ ሌላ ነው፤ «አልተረጋገጠም» ማለት ሲገባኝ አጠፋሁት። ዶኖቫን አሜሪካዊውን ዳክዬ ከእንግሊዝ አዕዋፍ ተራ ቢያስገባም ቀለበቱን በሥዕል ስላስቀመጠልን ሌሎች ሊያርሙት ቻሉ። ባርትሌት ያልነበረ ዝርያ ቢሰይምም መግለጫውን ስለጻፈልን ድቅሉን ለየነው። የኤግ ሃርበር አዳኞች ግን ወፎቹን ነጭተው ሸጡ፤ ዊልሰን አንድ ጥንድ ገዝቶ ባይጽፍ ኖሮ ምን እንደነበሩ ማንም ባላወቀ ነበር።

ያን የመረጃ ሰነድ ዛሬም ይዤዋለሁ። የሰረዝኩትን ቁጥር ከመጀመሪያው ቅጽ ፈልጌ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ በጎኑም የነጋዴውን ቃል ጽፌአለሁ። ባለፈው ጥር ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ወንዴ ባለ ቀለበት ዳክዬ ላባውን ለመጠራረግ አንገቱን ወደ ላይ መዘዘ። የጧቷ ፀሐይ በጎን አገኘችውና ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ቀለበቱን አየሁት። ከዚያ አንገቱን ሰበሰበ።